ያጻፈች፣ ያሳለች፣ ያሠራች፦ የጣና ገዳማትን ሴት ለጋሾች ከጽሑፍና ከሥዕል ለይቶ ማንበብ

በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ መቅደስ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ከእግሯ ሥር ያማረ ልብስ የለበሰች ሴት መሬት ላይ ተዘርግታ ትማፀናለች። ይህች ሴት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። «ምንትዋብ» የሚል ጽሑፍ ፈልጎ ሥዕሏን ለመለየት የሚሞክር ሰው ግን ይደክማል። ምንትዋብ ሰው የሚጠራት ስም ነው፤ የመንግሥት ስሟ ብርሃን ሞገሳ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጸሎት የምታነሣው ደግሞ የክርስትናውን ስም ነው።

በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራትና ገዳማት ገንዘባቸውን አውጥተው መጽሐፍ ያጻፉ፣ ሥዕል ያሳሉ፣ ጉልት (ለደብር መተዳደሪያ የሚሆን መሬት) የሰጡ ብዙ ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ሳይታወቁ የሚቀሩት ስማቸው ስላልተጻፈ አይደለም፤ ስማቸው የተጻፈበትን ዐረፍተ ነገር በትክክል የሚያነብ ሰው ስለሚጠፋ ነው። አንዳንዷ በአስጎብኚ አፍ ጸሐፊ ትሆናለች፤ አንዳንዷ ወንድ ተደርጋ ትመዘገባለች፤ ስሟ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባትም አለች። ይህ ማብራሪያ ለዲያቆናት፣ ለአስጎብኚዎች፣ የገዳም ንብረት ለሚመዘግቡና ነገሩን ማወቅ ለሚሹ ሁሉ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። በእንግሊዝኛ የቆዩ የሕግና የሥነ ጥበብ ጽሑፎች ውስጥ ስጦታ የሰጠች ሴት «ዶናትሪክስ» ትባላለች። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ትሪክስ» ሴት አድራጊን ያመለክታል። የምትናዘዝ ሴትም በዚያው መንገድ «ቴስታትሪክስ» ትባል ነበር። የሥዕል አጥኚዎች ዶናትሪክስ ሲሉ ብዙ ጊዜ በከፈለችበት ሥዕል ውስጥ ራሷ በትንሹ የተሣለችውን ሴት ማለታቸው ነው፤ የናርጋዋ እቴጌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ዛሬ ቃሉ አርጅቷል፤ ወንዱም ሴቷም «ዶነር» ይባላሉ። የድሮ ካታሎግ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ዶናትሪክስን «የሥዕሉ ባለቤት» ካለ ይሳሳታል፤ ሥዕሉ ከተሰጠ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ነውና። «ያሳለችው» ቢል ትክክል ነው። «ፓትሮን» የሚለውንም ሲያገኝ ቆም ይበል፤ አንዳንዴ ገንዘቡን ያወጣችውን ሰው፣ አንዳንዴ ደብሩ የተሰየመበትን ቅዱስ ያመለክታልና።

እኛ ዘንድ ለሴት ሰጪ የሚሆን ስም አልጠፋም። በግዕዝ «ወሃቢ» ሲል ወንድ፣ «ወሃቢት» ሲል ሴት ነው፤ አማርኛም ደራሲት፣ ሠዓሊት፣ መምህርት የሚሉትን በዚሁ መንገድ ወስዷል። በአሁኑ አማርኛ የሚሠራበት ግን «ለጋሽ» ነው፤ ደም ለጋሽ፣ ለጋሽ ድርጅት እንደሚባለው ለወንድም ለሴትም ይሆናል። «ለጋስ» ካልን ቸርነቷን መግለጻችን ነው፤ የሰጠችው ነገር ባይኖርም ይባላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቋንቋ ደግሞ «ስጦታ ሰጪ» ናት። በገዳማቱ ጽሑፎች ውስጥ ግን እነዚህን ስሞች መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የጥንቱ ጸሐፊ «ለጋሿ እገሊት» ብሎ አይጽፍም። የሠራችውን ይናገራል፦ አጽሐፈት፣ አሥዐለት፣ ሐነጸት፣ ወሀበት፣ ጐለተት፣ ተማኅፀነት። ስለዚህ ሴት ለጋሽን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ግሱ ላይ ያድርግ።

የግሶቹ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ግን እዚሁ ነው። ጸሐፈት ማለት በእጇ ጻፈች ማለት ነው። አጽሐፈት ማለት አጻፈች፣ ማለትም ብራናውንና የጸሐፊውን ዋጋ ችላ እንዲጻፍ አደረገች ማለት ነው። በመነሻው ያለችው አንዲት «አ» ሥራውን ከጸሐፊው ወደ ከፋዩ ታዞረዋለች። ሥዕልም እንዲሁ ነው፦ ሠዐለ ሲል ሠዓሊው፣ አሥዐለት ሲል ያሳለችው ናት። ሐነጸት ግን «አ» ባይኖረውም «አሠራች» ተብሎ ይተረጎማል፤ እቴጌዋ ድንጋይ ተሸከመች የሚል የለምና። በአማርኛ ቤተ ክርስቲያን «ተከለች» የሚባለውም ከዚህ ጋር ነው። ጐለተት ማለት ለደብሩ መተዳደሪያ የሚሆን ጉልት ሰጠች ማለት ነው። ተሣየጠት ሲል ገዛች ማለት ስለሆነ መጽሐፉ ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ እንደነበር ይጠቁማል፤ እንዲህ ሲሆን ያጻፈው ሌላ፣ ለገዳሙ የሰጠችው ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል።

አሁን ለማሳያ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር እንቀርጽ። ከየትኛውም መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ በተለመደው አጻጻፍ የተሠራ ነው፦

«ዛቲ መጽሐፍ እንተ አጽሐፈታ ወለተ ማርያም ወወሀበታ ለቤተ ክርስቲያን፤ ከመ ትኩና መድኃኒተ ሥጋ ወነፍስ።»

በአማርኛ፦ ይህች መጽሐፍ ወለተ ማርያም ያጻፈቻት፣ ለቤተ ክርስቲያንም የሰጠቻት ናት፤ ለሥጋና ለነፍስ መድኃኒት ትሆናት ዘንድ።

ሴትነቷን የሚነግሩን ፊደሎች የትኞቹ ናቸው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠቁመው «እንተ» የሚለውን ነው፤ አንስታይ ነውና። ነገር ግን እንተ የተስማማው ከመጽሐፏ ጋር እንጂ ከሴቲቱ ጋር አይደለም። አጻፊው ወንድ ቢሆንም «እንተ አጽሐፋ ገብረ ማርያም» ይባላል። ግዕዝ መጽሐፍን አንዳንዴ በወንድ፣ አንዳንዴ በሴት ስለሚጠራው በዚህ ላይ መመርኮዝ አያዋጣም። እውነተኛው ምልክት «አጽሐፈታ» ውስጥ ያለው «ፈታ» ነው። አጽሐፈት ላይ «እርሷን» የሚለው ተጨምሮ አጽሐፈታ ሆነ። መጽሐፉ በወንድ ቢጠራ አጽሐፈቶ ይሆናል። አጻፊው ወንድ ከሆነ ግን የ«ት» ዘር (ታ፣ ቶ) ትጠፋለች፤ አጽሐፋ ወይም አጽሐፎ ይላል። ወሀበታ፣ ወሀበቶ ሲል ሴት፤ ወሀባ፣ ወሀቦ ሲል ወንድ። ሁለተኛው ምልክት «ትኩና» ነው፤ «ለእርሷ ትሁናት» ማለት ነው። ለወንድ ቢሆን «ትኩኖ» ይል ነበር። ሁለቱ ምልክቶች ከተስማሙ ንባቡ አስተማማኝ ነው። ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ «አጽሐፋ» ብሎ «ትኩና» ካለ፣ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ ወደ ብራናው ቀርቦ ማየት ይገባል። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ «አጽሐፋ» ብቻውን ሲገኝ «እርሱ አጻፋት» ወይም «እነርሱ ሴቶቹ አጻፉ» ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ተከትሎ የሚመጣው ስም አንድ ወይም ብዙ መሆኑ ነው።

ለጋሿ ራሷ ስትናገር ምልክቱ ሁሉ ይጠፋል። «አጽሐፍኩ»፣ «ወሀብኩ»፣ «ተማኅፀንኩ» ወንድም ሴትም ይላሉ። በጉልት ጽሑፎች ላይ ነገሥታቱና እቴጌዎቹ «ወሀብነ»፣ «ጐለትነ» እያሉ በብዙ ቁጥር ሲናገሩም እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ የሚቀረን ስሟ፣ ማዕርጓና ስለ ራሷ የምትናገርበት ቃል ነው። ወንድ በጸሎት ራሱን «ገብር» ሲል ሴት «አመት» ትላለች፤ አመት የሴት አገልጋይ ማለት ነው። በዚህ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። «ለገብርኪ» የሚለውን ያየ ሰው «ኪ» የሴት ስለሆነች ለጋሿ ሴት ናት ይላል። ኪ የምታመለክተው ጸሎቱ የቀረበላትን እመቤታችንን ነው፤ «ለባሪያሽ» ማለት ስለሆነ ለጋሹ ወንድ ነው። ሴት ከሆነች ወደ እመቤታችን ስትጸልይ «ለአመትኪ»፣ ወደ ጌታ ወይም ወደ መልአክ ስትጸልይ «ለአመትከ» ይላል። የመጨረሻዋ ፊደል የተለማኙን፣ የቃሉ ግንድ የለማኙን ጾታ ትናገራለች።

ስሞች ብዙ ይረዳሉ። ወለተ፣ አመተ፣ እኅተ ብሎ የሚጀምር የክርስትና ስም የሴት ነው፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ተክለ የወንድ። የጣና ዳር ሰው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስንና ባልንጀራዋን እኅተ ክርስቶስን ያውቃል፤ የስማቸው አሠራር ይኸው ነው። እንደ ጽጌ ያለው ግን ለሁለቱም ይሆናል። «ወለተ» እና «ወለታ» ደግሞ መምታታት የለባቸውም፤ ወለተ ማርያም ስም ነው፤ ወለታ ግን «ልጇ» ማለት ነውና ቀጥሎ የሚመጣው ስም የለጋሿ ሳይሆን የልጇ ነው። ዘመዶች የተጠሩበትም መንገድ ያሳብቃል፦ ምስለ ምታ ማለት «ከባሏ ጋር»፣ ምስለ ብእሲቱ ማለት «ከሚስቱ ጋር» ነው። አቡሃ ሲል የእርሷ አባት፣ አቡሁ ሲል የእርሱ አባት። ባልና ሚስት አብረው በሰጡበት ጽሑፍ ግሱ በማን እንደ ተነገረ ልብ ይሏል፤ ግሱ በሴት ሆኖ ባል በ«ምስለ» ከመጣ፣ ጸሐፊው ዋና ሰጪ ያደረገው ሚስቲቱን ነው። ባልየው ራስ ወይም ደጃዝማች ስለሆነ ብቻ መዝገብ ላይ እርሱን ማስቀደም የጽሑፉን ቃል መለወጥ ነው።

ይህ ሊያስገርም አይገባም። በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ከአባትና ከእናቷ ርስት ትወርሳለች። በጎንደር ዘመን መሬት የያዙ፣ የሸጡ፣ የገዙና የሰጡ ሴቶች ስም በወንጌል ኅዳግ ላይ በተጻፉ የመሬት ውሎች ውስጥ ይገኛል። ከእጇ የሰጠችው የራሷን ነበር።

ማዕርግን በዛሬው ትርጉሙ ማንበብ ሌላው ችግር ነው። በዚያ ዘመን «ወይዘሮ» ባል ያገባች ሴት ሁሉ የምትጠራበት አልነበረም፤ የነገሥታት ወይም የመሳፍንት ዘር ያላት ሴት ማዕርግ ነበር። ጽሑፉ ወይዘሮ ካለ የዘር ሐረጓን ከዜና መዋዕል መፈለግ ተገቢ ነው። ማዕርግ ያልተጻፈላት፣ ስሟ ብቻ የተጠቀሰ ሴት ካለች ደግሞ ተራ ሰው ናት ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በጸሎት ፊት ማዕርግን መተው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ አካል እንምጣ። የለጋሿን ስም የት እንፈልግ? የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠል፣ ባዶ የተተዉ ቅጠሎችና ኅዳጎች የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ተአምረ ማርያምን የመሰለ በምዕራፍ የተከፋፈለ መጽሐፍ ነው። በእያንዳንዱ ተአምር መጨረሻ «ጸሎታ ወበረከታ የሀሉ ምስለ…» የሚል ቡራኬ አለ፤ ቀጥሎ ስም ይገባል። ለሴት «ምስለ አመታ»፣ ለወንድ «ምስለ ገብራ» ይላል። ብዙ ጊዜ ስሙ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ጸሐፊው ገዢ ሳይኖረው የጻፈው መጽሐፍ ከሆነ የስሙን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ በኋላ የሚገባው ስም የሌላ እጅ ጽሑፍ ስለሚሆን ከጠበበ ተጨንቆ፣ ከሰፋ ተለጥጦ ይታያል።

መጽሐፍ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም አስፍቆ የራሱን ያስገባል። «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» የሚለው ግዝት የተጻፈው ለዚህ ነው፤ «የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን» ማለት ነው። ግዝቱ ሁሉን አላስቆመም። የተፋቀ ቦታ እንዴት ይታወቃል? ብራናው በቢላ ሲፋቅ ለስላሳ ገጹ ይነሣል፤ ጸጉራም ይሆናል፤ የኋላው ቀለም እዚያ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ይደፈርሳል፣ ይፈሳል። ከላይ ቀጥ ብሎ የወደቀ ብርሃን ይህን አያሳይም። መብራትን ከጎን፣ ከቅጠሉ ጋር ሊገናኝ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጎ ቢያበሩ የተፋቀው ቦታ ጥላ ያወጣል፤ የድሮው ፊደል የጫነበት ጭረትም አንዳንዴ ይነበባል። በጣት መዳሰስ፣ በምራቅ ማርጠብ፣ ዘይት መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ የተረፈውንም ያጠፋል። ቅጠሉን የሚገልጠው ቄሰ ገበዙ ወይም እርሱ የፈቀደለት ሰው ነው፤ ሌላው ቆሞ ያነባል።

የፋቂውን ሥራ የሚያጋልጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ፋቂው አንዱን ይረሳል። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች በጥንቃቄ አጽድቶ መካከል ላይ ካሉት ተአምራት አንዱን የሚዘል አለ፤ ስለዚህ መካከሉን ሳያገላብጡ «አጻፊው እገሌ ነው» ማለት አይቻልም። ሁለተኛው፣ ስሙን ለውጦ የቀረውን ሰዋስው አለማረሙ ነው። «ምስለ አመታ ገብረ ሚካኤል» የሚል ብናገኝ አመታ የሚለው ቃል የፊተኛዋን ሴት ያስታውሰናል፤ ስሟ ቢጠፋም ሴትነቷ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን በመዝገብ ሲያሰፍሩ «ቀድሞ የሴት የነበረ፣ ስሟ የተፋቀ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። «ገብረ ሚካኤል ያጻፈው» ብሎ ማለፍ የፋቂውን ሥራ መጨረስ ይሆናል።

ስሙ የተገኘውን ሰው ሁሉ ለጋሽ ማድረግ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። በጽሑፉ መጨረሻ «በመንግሥተ ንጉሥነ ኢያሱ ወእሙ ወለተ ጊዮርጊስ» የሚል ካለ፣ ይህ ዘመኑን መናገር ነው። ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ነግሣለች፤ ኢያሱ እስከ 1755 ገዝቷል። በዚያ ጊዜ የተጻፈ ማንኛውም መጽሐፍ ሁለቱን ሊጠራ ይችላል፤ እቴጌዋ አንዲት ቅጠል እንኳ ሳትከፍልበት። ለጋሿ ከ«አጽሐፈት» ወይም ከ«ወሀበት» ጋር የመጣችው ናት፤ «በመንግሥተ»፣ «በመዋዕለ» ብሎ የጀመረው ሐረግ ውስጥ ያለችው የዘመኑ ንግሥት ናት። ይህን ያልለየ ሰው በቀላሉ ደርዘን መጻሕፍትን ለምንትዋብ ይሰጣል፤ እውነተኛዎቹ ሰጪዎች ደግሞ ይረሳሉ።

ዘመኑን ለማረጋገጥ ቁጥሩን ማውጣት ይበጃል። ጽሑፉ ዓመተ ዓለም ካለ 5500 ይቀነሳል፤ ፸፪፻፵ ማለትም 7240 ካለ 1740 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። ዓመተ ሰማዕታት ካለ 276 ይደመራል፤ 1464 ቢል ያው 1740 ነው። ማረጋገጫው ወንጌላዊው ነው፤ ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 7240 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ካላለ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል። «ዓመተ ምሕረት» ብሎ አነስተኛ ቁጥር የሚሰጥ ጽሑፍ ሲያጋጥም ግን በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ በሚጀምረው ዐቢይ ቀመር የተቆጠረ ሊሆን ስለሚችል ከንጉሡ ስም ጋር ሳያገናዝቡ መወሰን አይገባም።

በሥዕል ላይ ለጋሿን መለየት ከመጽሐፍ ይልቅ ቀላል ይመስላል፤ ለችኩል ሰው ግን አይደለም። አቀማመጧ የታወቀ ነው፦ ከእመቤታችን ወይም ከስቅለቱ ሥር፣ ከቅዱሳኑ አንሳ፣ ተዘርግታ ወይም ተንበርክካ ትሣላለች፤ አክሊለ ብርሃን የላትም። አጠገቧ «ዘከመ ተማኅፀነት…» የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ «እንደ ተማፀነች» ማለት ነው። አማርኛው ተማፀነ ከዚሁ የወጣ ነው። በምንትዋብ ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች ልብስን በማሣመር ይታወቃሉ፤ ከውጭ የሚመጣውን የከበረ ጨርቅ አበባውን ሳይቀር ይሥሉታል፤ ከበስተኋላ ያለው ቀለም ደግሞ ከቢጫና ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይሸጋገራል። ይህ ዘመን ለማወቅ ይረዳል።

የተደፋ ሁሉ ግን ለጋሽ አይደለም። በተአምረ ማርያም ሥዕሎች ውስጥ እመቤታችን የፈወሰቻቸው ሰዎችም ከእግሯ ሥር ይወድቃሉ፤ እነርሱ የታሪኩ ሰዎች ናቸው። የሚለየው ግሱ ነው፤ ታሪክ ከሆነ «ዘከመ ፈወሰት»፣ «ዘከመ አድኀነት» እያለ እመቤታችን ያደረገችውን ይናገራል፤ ለጋሽ ከሆነች የሚነገረው የእርሷ ልመና ነው። በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም የአፄ ፋሲል እህት እንደ ሆነች የሚነገርላት መለኮታዊት ስሟ ከሥዕሉ ጋር ይነሣል፤ እዚያ ያሉትን ሥዕሎች የሚያይ ሰው ይህንን ልዩነት ይዞ ቢገባ ብዙ ያተርፋል።

ሥዕሎቹ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ መሆናቸውንም ማሰብ ያሻል። የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ለጋሿ ያለችበት፣ ቀድሞ የሚጎዳው ነው፤ ርጥበት ከመሬት ይወጣል፣ ምእመን ይሳለማል፣ ጀርባ ይደገፋል። ሲታደስ አንዱ ጨርቅ ተነሥቶ ሌላ ይለጠፍበታል። በዚህ ምክንያት በአንድ ግድግዳ ላይ የተለያየ ዘመን ለጋሾች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበትን ዓመት ለሥዕሉ ሁሉ መስጠት ስለዚህ አይሆንም።

ደጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት የማትገባባቸው ገዳማት ናቸው። ይህን የሚያውቅ አንዳንድ ሰው በዕቃ ቤታቸው የሴት ለጋሽ ስም አይጠብቅም፤ ስለዚህ አጠራጣሪውን ንባብ ሁሉ ወደ ወንድ ያዘነብለዋል። ክልከላው በእግር ላይ እንጂ በስጦታ ላይ አይደለም። ሴት የማትረግጠው ደሴት መጽሐፏን ይቀበላል፤ ስሟንም በጸሎት ይጠራል። እንዲያውም እንዲህ ባለው ቦታ «ታ» እና «ቶ» ላይ እጥፍ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል፤ ወደዚያ ከገባው ስሟ በቀር የቀረላት ምልክት የለምና።

የአማርኛው ጽሑፍ የራሱ ችግር አለው። ግዕዝ ንግሥቲቱንም «አሥዐለት» ይላል፤ ስለ ሌላ ሰው ሲናገር የአክብሮት ብዙ ቁጥር የለውም። አማርኛ ግን ሲያከብር «ያሠሩት»፣ «የሰጡት» ይላል፤ በዚህ ጊዜ ጾታው ከግሱ ይጠፋል። በዚህ ማብራሪያ እቴጌዋ «አሠራች» የተባለችው ግዕዙ እንደሚላት ሴትነቷ ከግሱ እንዳይጠፋ ነው። በዛሬ መጋረጃና ጥላ ላይ «የኃይለ ማርያም ቤተሰብ የሰጡት» ተብሎ ሲጻፍ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማን እንደ ሰጠ የሚያውቅ አይኖርም። እናትየው ከቁጠባዋ ያወጣችው ገንዘብ በባሏ ስም ይቀራል።

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ አሁን ስጦታ የምታበረክት ሴት ጽሑፉን ስታዘጋጅ የሚያስፈልጋት ጥቂት ነገር ነው። ወይዘሮ፣ ወይዘሪት ወይም እማሆይ የሚለው ማዕርጓ ይጻፍ፤ ዶክተር ብትሆንም ከስሟ ጋር ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት ይታከል፤ በአክብሮት ግስ ውስጥ ሴትነትን የሚይዝ ሌላ ነገር የለምና። የዓለም ስሟ ከነአባቷ፣ የክርስትና ስሟም አብሮ ይግባ፤ አንደኛው ለመዝገብ፣ ሁለተኛው ለጸሎት ነው። «ስጦታ ከ…» ከማለት ያደረገችው በግስ ቢነገር ይሻላል፦ ያሠሩት፣ ያሳሉት፣ የገዙት፣ ያሳደሱት። ማሳደስና ማሠራት አንድ አይደሉም፤ ቀድሞ ያሠራችዋን የሚያስረሳ ቃል መጠቀም አይገባም። መታሰቢያነቱ ለሌላ ሰው ከሆነ የሰጪዋና የሚታሰበው ሰው ስም በተለያየ መስመር ይግባ፤ በአንድ መስመር ሲታጨቁ የሞተው ሰው ሰጪ ይመስላል። ቀኑ በዓመተ ምሕረት ሙሉ ሆኖ ይጻፍ። በመጋረጃ ላይ በጥልፍ የተሠራ ስም በቀለም ከተጻፈው ይልቅ እጥበትን ይችላል፤ ጥልፉም ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ ይሁን፤ ጠርዙ መሬት እየዳሰሰ ቀድሞ ያልቃልና። ይኸው ቃል ሳይለወጥ በደብሩ የንብረት መዝገብ ላይም ይስፈር፤ መጋረጃው አርጅቶ ሲነሣ ስሟ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።